ሜዳውና መዝገቡ ሲለያዩ፦ ዲጂታል መንትያ ለአውሮፕላን ማረፊያ ደኅንነት ምን ይሠራል?

የአውሮፕላን አደጋ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ሰማይ ላይ የሚሆነውን ነው። በሲቪል አቪዬሽን ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ ብዙ ሰው የሞተበት ግን የደረሰው መሬት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ ቴኔሪፌ ደሴት፣ በሎስ ሮዴኦስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኬኤልኤምና የፓን አም ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። አንዱ ለመነሳት እየተንደረደረ ነበር፤ ሌላው ከዚያው ማኮብኮቢያ ገና አልወጣም ነበር። ሜዳውን ጉም ስለሸፈነው በማማው ያሉት ተቆጣጣሪዎች ሁለቱንም ማየት አልቻሉም። የመሬት ራዳርም አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲህ ማኮብኮቢያዎች ዘመናዊ መብራት አግኝተዋል፣ ራዳሮች ተተክለዋል፣ የሬዲዮ ንግግር ሥርዓትም ጠብቋል። መሠረታዊው ጥያቄ ግን አልተለወጠም፦ በዚህች ደቂቃ ሜዳው ላይ ምን የት እንዳለ፣ የትኛው መንገድ ክፍት የትኛው ዝግ እንደሆነ፣ የትኛው መብራት እንደሚሠራ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ማን ነው? በቅርብ ዓመታት ለዚህ ጥያቄ መልስ ተብሎ የሚቀርበው ዲጂታል መንትያ የተባለው ቴክኖሎጂ ነው። ይህ ዳሰሳ ቴክኖሎጂው ከየት እንደመጣ፣ የትኞቹን አደጋዎች ሊከላከል እንደሚችል፣ የጀመሩት ኤርፖርቶች ምን እንደሚያሳዩና የት ላይ እንደሚያቆም ይመለከታል። የምደርስበትን አስቀድሜ ልናገር፦ መንትያው ሕይወት የሚያድነው ከሜዳው ጋር በየዕለቱ እንዲስማማ የሚያደርግ፣ ለዚያም በስሙ የሚጠየቅ ሰው ሲኖር ነው።

አመጣጡና ምንነቱ

ሐሳቡ የተጠነሰሰው በፋብሪካና በጠፈር ምርምር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የአፖሎ 13 መንኮራኩር በጉዞ ላይ ሳለች ስትጎዳ፣ የናሳ መሐንዲሶች መሬት ላይ ያሉትን የማስመሰያ መሣሪያዎች ከመንኮራኩሯ በሚደርሳቸው መረጃ መሠረት እያስተካከሉ መፍትሔውን በእነርሱ ላይ ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ማይክል ግሪቭስ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አንድ ምርት ከንድፍ እስከ ጡረታ አብሮት የሚኖር ዲጂታል አካል ሊኖረው እንደሚገባ አቀረበ። ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ያገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የናሳው ጆን ቪከርስ ሲጠቀምበት ነው።

ተመራማሪዎች ሦስት ደረጃዎችን ይለያሉ። አንደኛው በሰው እጅ የሚሞላ ሞዴል ነው፤ ሜዳው ሲለወጥ አንድ ሰው ገብቶ ካላስተካከለው ባለበት ይቀራል። ሁለተኛው ከሜዳው መረጃ በራሱ የሚቀበል፣ ወደ ሜዳው ግን ምንም የማይመልስ ነው። ሦስተኛውና ትክክለኛው መንትያ የሚባለው መረጃ በሁለቱም አቅጣጫ የሚፈስበት ነው፤ ሜዳው ሲለወጥ ሞዴሉ ይለወጣል፣ ሞዴሉ የደረሰበት ውሳኔም ወደ ሜዳው ይመለሳል። ገበያ ላይ በዚህ ስም የሚሸጡ ብዙ ሥርዓቶች የመጀመሪያውን ወይም የሁለተኛውን ደረጃ አላለፉም። ገዢ ሊያውቀው የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው።

ለአውሮፕላን ማረፊያ መንትያ የሚሆነው ጥሬ መረጃ አብዛኛው አዲስ አይደለም። የመሬት ራዳር አለ። አውሮፕላኖችና የሜዳ ተሽከርካሪዎች የሚልኩትን ምልክት በተለያየ ቦታ የተተከሉ አንቴናዎች ይቀበላሉ፤ ምልክቱ ወደ እያንዳንዱ አንቴና በደረሰበት ጊዜ መካከል ካለው ልዩነትም ላኪው የቆመበት ቦታ ይሰላል። በአሜሪካ እንዲህ ያሉትን ምንጮች አዋሕዶ ለማማው የሚያሳይ ሥርዓት በ35 ትልልቅ ኤርፖርቶች ተተክሏል። መንትያው የሚጨምረው ይህን የእንቅስቃሴ መረጃ ከመብራቱ፣ ከአስፋልቱ፣ ከግንባታው፣ ከአየር ሁኔታውና ከኃይል መስመሩ ጋር በአንድ ሥዕል ማገናኘቱን ነው፤ ከዚያም “ይህን ብናደርግ ምን ይሆናል?” የሚለውን ጥያቄ ከሜዳው በፊት በሞዴሉ ላይ መፈተን ይቻላል።

ሜዳውና መዝገቡ የተለያዩባቸው ቀናት

የዚህን ጥቅም ለመመዘን ወደ አደጋ መዛግብት መመለስ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 2001 ሚላን፣ ሊናቴ። ጉሙ ከባድ ነበር። አንዲት ትንሽ የሴስና ጄት አንድ ታክሲዌይ (አውሮፕላን ወደ ማኮብኮቢያ የሚሄድበት መንገድ) ይዛ እንድትሄድ ታዝዛ ሌላውን ያዘች። አብራሪዎቹ መሬት ላይ ያዩትን የመስመር ምልክት ስም ለማማው በሬዲዮ ተናገሩ። ተቆጣጣሪው ግን ምልክቱን አያውቀውም፤ በእጁ ባለው ካርታ ላይ አልነበረምና። አሮጌው የመሬት ራዳር ከአገልግሎት ወጥቶ ነበር፤ አዲሱ ደግሞ ተገዝቶ አልተተከለም። ሴስናዋ ማኮብኮቢያው ላይ ወጣች፣ ለመነሳት ይንደረደር የነበረው የኤስኤኤስ አውሮፕላንም ገጫት። በሁለቱ አውሮፕላኖችና መሬት ላይ 118 ሰዎች ሞቱ። አብራሪዎቹ የቆሙበትን ቦታ በትክክል ተናግረው ነበር፤ የሚሰማው ሰው መዝገብ ግን ያንን ቦታ አልያዘም።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2000 ታይፔ። በአውሎ ነፋስና በከባድ ዝናብ ውስጥ የሲንጋፖር አየር መንገድ ቦይንግ 747 ለመነሳት የተንደረደረው ለግንባታ በተዘጋ ማኮብኮቢያ ላይ ነበር። ከግንባታ መሣሪያዎች ጋር ተጋጭቶ ከተሳፈሩት 179 ሰዎች 83ቱ ሞቱ። ማኮብኮቢያው መዘጋቱ በወረቀት ተነግሯል። መግቢያው ላይ ግን መኪናም ሆነ አውሮፕላን የሚያግድ አጥር አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 2006 በኬንታኪ ግዛት ሌክሲንግተን አንድ የኮሜር አየር መንገድ አውሮፕላን ጎህ ሳይቀድ ከታዘዘበት ይልቅ በአጭሩ ማኮብኮቢያ ላይ ተንደርድሮ 49 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ዋናውን ምክንያት የአብራሪዎቹ አለማስተዋል ነው ብለዋል። ይሁን እንጂ ሜዳው በግንባታ ላይ ስለነበር አብራሪዎቹ የያዙት ካርታ የታክሲዌዮቹን አዲስ ሁኔታ አያሳይም ነበር።

ለእኛ ቅርብ የሆነውም የዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 2021 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላን ዛምቢያ ንዶላ ሊያርፍ ሲል በአቅራቢያው በግንባታ ላይ በነበረው አዲሱ የኮፐርቤልት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አረፈ። ደግነቱ የተጎዳ ሰው አልነበረም። መሬቱ ላይ ሁለት ማኮብኮቢያ ይታይ ነበር፤ አገልግሎት የሚሰጠው ግን አንዱ ብቻ ነበር።

አራቱም ቦታ ላይ የሰው ስህተት አለ፤ መካድ አይቻልም። ስህተቱ ያገኘው ሜዳ ግን ተመሳሳይ ነው፦ መሬቱ ተለውጧል፣ ስለ መሬቱ የሚናገረው ወረቀት፣ ምልክት ወይም ካርታ አብሮት አልተለወጠም፤ ተለውጦም ከሆነ ሊያውቀው በሚገባው ሰው ፊት አልደረሰም። የዲጂታል መንትያ እውነተኛ ተስፋ ይህን ክፍተት መዝጋት ነው።

መንትያው የሚይዛቸው ሥራዎች

የመጀመሪያው የግንባታና የጥገና ሥራ ነው። ኤርፖርት ተዘግቶ አይታደስም፤ አውሮፕላን እየተነሳና እያረፈ ጎኑ ይቆፈራል። አንድ ታክሲዌይ ከመዘጋቱ በፊት መዘጋቱን በሞዴሉ ላይ ማስኬድ ይቻላል፤ አውሮፕላኖች በየት ይዞራሉ? የትኛው መገናኛ ይጨናነቃል? የትኛው ምልክት አብራሪን ያሳስታል? የእሳት አደጋ መኪናዎችስ ይደርሳሉ ወይ? የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ የእሳት አደጋ ቡድን አገልግሎት ላይ ወዳለ ማኮብኮቢያ የትኛውም ነጥብ በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንዲደርስ ይጠይቃል። ይህ መለኪያ የተረጋገጠው መንገዱ ሁሉ ክፍት ሳለ ከሆነ፣ አቋራጩ በተቆፈረበት ሳምንት ምን ያህል እንደሚፈጅ በልምምድ ቀን ከማወቅ አስቀድሞ በሞዴል ማወቅ ይሻላል።

ሁለተኛው የማኮብኮቢያው ገጽታ ነው። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 4 ቀን 2021 ጀምሮ በኢካኦ ሥርዓት የማኮብኮቢያ ሁኔታ ከ0 እስከ 6 ባለው ቁጥር ይገለጻል፤ 6 ደረቅ ነው፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ፍሬን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ቁጥሩን የሚሰጠው ሜዳውን የመረመረው ባለሙያ ነው። የዝናብ መለኪያን፣ በአስፋልቱ ውስጥ የተቀበሩ ሴንሰሮችንና ያረፉ አውሮፕላኖች ስለ ፍሬናቸው የሚሰጡትን መረጃ የያዘ መንትያ ባለሙያው ሄዶ እስኪያይ ድረስ ሁኔታው እየተበላሸ መሆኑን ሊያስጠነቅቅ ይችላል። ውሃ በተደጋጋሚ የሚቋጥርበትን ቦታ ከዓመት ዓመት እየመዘገበም የፍሳሽ ጥገናው የት መጀመር እንዳለበት ያሳያል።

ሦስተኛው በሜዳው ላይ የሚወድቅ ባዕድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2000 ፓሪስ ላይ ኮንኮርድ የተባለውን የመንገደኞች አውሮፕላን የጣለው ከእርሱ በፊት ከተነሳ አውሮፕላን የወደቀ፣ ግማሽ ሜትር እንኳ የማይሞላ የብረት ቁራጭ ነው። 113 ሰዎች ሞቱ። የካናዳው ቫንኩቨር እ.ኤ.አ. በ2006 እንዲህ ያለውን ቁራጭ የሚፈልግ ራዳር በመትከል ቀዳሚ ሆነ። ራዳሩ አንዱን ቁራጭ ያገኛል፤ መንትያው ደግሞ የተገኙትን ሁሉ በቦታና በሰዓት አስቀምጦ ከየትኛው የሥራ ቦታ፣ ከየትኛው የመኪና መንገድ እንደሚመጡ ይናገራል።

አራተኛው ወፎች ናቸው፤ ይህን ኢትዮጵያ በሐዘን ታውቀዋለች። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ ከእርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ፣ ሁለቱም ሞተሮች ተጎዱ። ለመመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ አቅም አጡ፤ አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ወፍ ያለ ምክንያት አይሰበሰብም፤ ውሃ፣ እህል፣ ቆሻሻ መጣያ፣ ወቅትና ሰዓት ይጠሩታል። በአጥሩ ውስጥና ውጭ ያለውን የመሬት አጠቃቀም፣ የታዩ ወፎችን ቦታና ጊዜ አንድ ላይ የያዘ ሞዴል የጥበቃ ቡድኑን ማለዳ የት መላክ እንደሚገባ ያመለክታል።

አምስተኛው የኤሌክትሪክ ኃይልና ሌሎች አቅርቦቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 2025 የለንደኑ ሂትሮው ቀኑን አብዛኛውን ተዘግቶ ዋለ፤ ምክንያቱ በአንድ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ የተነሳ እሳት ነው። ሌሎች ማከፋፈያዎች ኃይል ቢኖራቸውም የኤርፖርቱን የውስጥ መስመር ወደ እነርሱ አዙሮ ሥርዓቶቹን በደኅና መልሶ ማስነሳት ሰዓታት ፈጀ። የትኛው መሣሪያ በየትኛው መስመር ላይ እንደተንጠለጠለ አስቀድሞ በሞዴል ፈትኖ ማወቅ ለእንዲህ ያለው ቀን ዝግጅት ነው።

የጀመሩት ምን ያሳያሉ?

የአምስተርዳሙ ስኪፖል ንብረቶቹን ሁሉ፣ ከመንገድና ከቧንቧ እስከ መብራትና በር፣ በአንድ የጋራ የመረጃ ሥርዓት ሰብስቦ ዲጂታል መንትያ ገንብቷል። ከስኪፖል የሚገኘው ትምህርት የጀመረበት ቦታ ነው፦ መጀመሪያ የቀረበው ጥያቄ “ያለን ምንድን ነው፣ የት ነው፣ በምን ሁኔታ ላይ ነው?” የሚል ነበር። ቫንኩቨር ተርሚናሉንና ሜዳውን በሦስት አቅጣጫ የሚያሳይ መንትያ ሠርቶ ከዕለታዊ የሥራ መረጃ ጋር አገናኝቶታል፤ የተለያዩ ክፍሎች ሠራተኞች አንዱን ሥዕል እያዩ እንዲወስኑ ለማስቻል ነው። ሆንግ ኮንግም ሦስተኛ ማኮብኮቢያውን ከባሕር በወጣ መሬት ላይ ሲገነባ በዲጂታል የግንባታ ሞዴሎች ሠርቷል፣ ለተርሚናሉም መንትያ አለው።

ከእነዚህ ሁሉ የተጨበጠው ጥቅም በብዛት በጥገና፣ በመንገደኛ ፍሰትና በኃይል ቁጠባ ላይ ነው። “መንትያው ይህን ያህል አደጋ አስቀረ” ማለት ከባድ ነው፤ ያልደረሰ አደጋ አይቆጠርምና። ሆንግ ኮንግ ላይ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2025 አንድ የጭነት ቦይንግ 747 ካረፈ በኋላ ከማኮብኮቢያው ወጥቶ የጥበቃ መኪና ገጭቶ ባሕር ውስጥ ሲገባ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ሞቱ። ይህ ቴክኖሎጂውን የሚያስወቅስ አይደለም፤ በመረጃ የበለጸገ ኤርፖርትም ከአደጋ ነጻ እንዳልሆነ ግን ያስታውሳል። ስለ ደኅንነት የሚነገረው ተስፋ ከዚህ ልክ ማለፍ የለበትም።

ገደቡ የት ላይ ነው?

የመጀመሪያው ገደብ የሰው ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ሲያርፍ ማኮብኮቢያው ላይ የቆመ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ገጨ። በኤርባሱ የነበሩት 379 ሰዎች ሁሉ በሕይወት ወጡ፤ ለመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች እርዳታ ሊያደርስ በነበረው ሌላው አውሮፕላን ከስድስቱ አምስቱ ሞቱ። ማማው ማኮብኮቢያው መያዙን የሚያሳይ ሥርዓት ነበረው፤ ማስጠንቀቂያውም ስክሪኑ ላይ ታይቷል። ተቆጣጣሪው አላስተዋለውም። ጃፓን በቀናት ውስጥ የወሰደችው እርምጃ ያንን ስክሪን ብቻ የሚከታተል ሰው መመደብ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ እውነት የሚናገር ማሽን በቂ አይደለም፣ ማን ይሰማዋል የሚለውም አብሮ መነደፍ አለበት። ማስጠንቀቂያ በበዛ ቁጥር ደግሞ ሰሚው ይደነዝዛል፤ ስለዚህ መንትያ የሚጨምረው እያንዳንዱ ምልክት ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር ተመክሮበት መግባት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ያረጀ መረጃ ነው። የዕድር መዝገብ ጸሐፊው በየወሩ ካላደሰው የሞተውን አባል ይጠራል፣ አዲሱን ይዘላል፤ መንትያም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ መንትያው ባማረ ሥዕል መታየቱ ነው። የቆየ የወረቀት ካርታ ያየ ሰው ይጠራጠራል፤ በስክሪን ላይ የሚያንጸባርቅ ባለ ሦስት አቅጣጫ ሥዕል ያየ ሰው ግን ያምናል። በዚህ ምክንያት ያልታደሰ መንትያ መንትያ ከሌለበት የባሰ አደጋ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ሥርዓት እያንዳንዱ መረጃ መቼና በማን እንደተረጋገጠ አብሮ ያሳያል፣ ዕድሜው ያለፈውንም ለይቶ ያደበዝዛል።

ሦስተኛው ጥቃትና ብልሽት ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 በአንድ የመንገደኛ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ላይ የደረሰ የሳይበር ጥቃት ሂትሮውን፣ ብራስልስንና በርሊንን አንድ ላይ አወካቸው። ይህ የመመዝገቢያ ጉዳይ ነበር። ከመብራትና ከማኮብኮቢያ ጋር በሁለት አቅጣጫ የተገናኘ ሥርዓት ቢደፈር ጉዳቱ ወረፋ ብቻ አይሆንም። ስለዚህ መንትያው ምክር የሚሰጥበትና የሚያዝበት ቦታ መለየት አለበት፤ ሥርዓቱ ሲጠፋም ማማው በዓይንና በሬዲዮ መሥራት እንዲችል ልምምዱ መቀጠል ይኖርበታል።

ቦሌና ቢሾፍቱ

ኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ የምታነሳበት ጊዜ አሁን ነው። ቦሌ ሁለት ትይዩ ማኮብኮቢያዎች አሉት፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላን ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ክረምቱ ዝናብና ጉም ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተመረቀው የተርሚናል ማስፋፊያ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታሰበ ሲሆን የተሠራው ኤርፖርቱ ሥራ ሳያቋርጥ ነው።

ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ አራት ማኮብኮቢያዎች እንዲኖሩትና ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታልሟል። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ዛሬ ያለ ዲጂታል ንድፍ አይሠራም። ዋናው ነገር ንድፉ ከግንባታው በኋላ የሚሆነው ነው። በግንባታ ላይ ኬብል በታቀደበት አያልፍም፣ ጉድጓድ ይዛወራል፣ መብራት ይጨመራል። ተቋራጩ የተሠራውን ሳይሆን የታቀደውን ሥዕል አስረክቦ ከሄደ፣ ኤርፖርቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከራሱ ጋር የማይስማማ መዝገብ ይወርሳል። ስለዚህ ርክክቡ ከመፈጸሙ በፊት እያንዳንዱ ነገር በተሠራበት ሁኔታ ተለክቶ እንዲመዘገብ በውሉ ውስጥ መግባትና ከክፍያ ጋር መያያዝ አለበት።

ሌላው የተቋማት ጉዳይ ነው። ኤርፖርቶቹን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ነው፤ የአየር ትራፊክ አገልግሎቱና ተቆጣጣሪነቱ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። የመብራቱን ሁኔታ አንዱ ያውቃል፣ የአውሮፕላኑን እንቅስቃሴ ሌላው ያውቃል። በሁለት ቤት የተከፈለ መረጃ አንድ መንትያ አይሆንም። ከሶፍትዌር ግዢ በፊት ሁለቱ ወገኖች ማን ምን መረጃ፣ በምን ያህል ፍጥነት፣ በምን ኃላፊነት እንደሚያጋራ መስማማት ይኖርባቸዋል።

በየክልሉ ያሉት ከ20 በላይ የአገር ውስጥ ማረፊያዎችም መረሳት የለባቸውም። እነርሱ ውድ ባለ ሦስት አቅጣጫ ሥዕል አያስፈልጋቸውም። በሜዳው የሚዘዋወሩ መኪናዎች ቦታቸውን የሚናገር መሣሪያ፣ በየለውጡ የሚታደስ ዲጂታል ካርታ፣ ስለ ወፎችና ስለ ማኮብኮቢያው ሁኔታ በስልክ የሚሞላ ዕለታዊ መዝገብ ቢኖራቸው የመንትያውን ዋና ፍሬ ያገኛሉ። የባሕር ዳሩ አደጋ የደረሰው በትልቅ ኤርፖርት አልነበረም።

ከየት ይጀመር?

የዳሰሳው ድምር ይህ ነው። ቴክኖሎጂው ተስፋ ያለው ነው፤ በተለይ ግንባታ በሚካሄድበት ሜዳ፣ በዝናብና በጉም፣ በወፍና በባዕድ ነገር ላይ የሚሰጠው እገዛ እውነተኛ ነው። አደጋ ስለማስቀረቱ የሚቀርበው ማስረጃ ግን ገና በቂ አይደለም፤ ሻጮች ከሚሉት ይልቅ የአደጋ ምርመራ መዛግብት የበለጠ ያስተምራሉ። እነዚያ መዛግብት የሚሉት ደግሞ አንድ ነው፦ ሰው የሞተው ዕውቀቱ በዓለም ስላልነበረ አይደለም፣ ዕውቀቱ በዚያች ደቂቃ በሚወስነው ሰው ፊት ስላልነበረ ነው።

በመሆኑም መንትያ ለመግዛት የሚያስብ ማንኛውም ኤርፖርት ቀላሉን ፈተና አስቀድሞ ራሱ ላይ ይሞክር። አንድ ጠዋት የሜዳውን ካርታ ይዞ ከአንዱ የማኮብኮቢያ ጫፍ እስከ ሌላው ይሂድ፤ እያንዳንዱን ምልክት፣ መብራትና መስመር ከካርታው ጋር ያስተያይ። የሚያገኘው የልዩነት ዝርዝር የመንትያው የመጀመሪያ የሥራ ዝርዝር ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ የሜዳ ክፍል ዛሬ መዝገቡና መሬቱ አንድ ናቸው ብሎ በስሙ የሚፈርም ባለሙያ ይሰይም፣ ሥልጣንና በጀትም ይስጠው። ይህን ያደረገ ኤርፖርት ቴክኖሎጂው ሲመጣ ይጠቀምበታል፤ ይህን ያላደረገ ግን ስህተቱን ውድ በሆነ ስክሪን ላይ ያያል።